ቁስሉ ነው እምቢ ያለው ወይስ እኛ?

አሶሳ እንደምታውቋት ናት። ማንጎው በስሎ መሬት ላይ ይፈርጣል፣ ዝንቡ ደግሞ ከልጆቹ ቀድሞ ይደርሳል። ስለ ዝንብ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቁስል ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ ጋዜጣውን አጠፍ አድርጋችሁ በኋላ ተመለሱ።

የዛሬው ደብዳቤ በፖስታ አልመጣም። ሰው ነው አራት ጊዜ ታጥፎ በእጄ ያስጨበጠኝ። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ስሙን አውቀዋለሁ፣ አልናገርም። በአጭሩ እንዲህ ይላል፤

‹‹እህቴ፣ ቅልጥሜ ላይ ሁለት ዓመት የቆየ ጠቆር ያለ ነገር ነበረብኝ። ከሰባት ሳምንት በፊት ሐኪም ምንነቱን ለማወቅ ብሎ ከቆዳዬ ቆርጦ ወሰደ። የተቆረጠው የምስር ፍሬ የሚያክል ነበር፤ አሁን የሃያ አምስት ሳንቲም አክሏል። ቡና ነሰነስኩበት። ካፕሱል ፈትቼ ዱቄቱን ጨመርኩበት። ሰው የሰጠኝን ቅጠል ለጠፍኩበት። በየቀኑ በአልኮል አጥበዋለሁ፣ በእሳት የተጠበስኩ ያህል እየጮህኩ። አልጠግ አለ! ልጅቷ ቤት ሽማግሌ ልልክ ነበር። አክስቷ ፋሻዬን አይታ ምን እንዳለቻት እንጃ፣ አሁን ስልክ ስደውል ቶሎ አታነሳም። ካንሰር ይሆን? ወይስ ያ ስሙን የማልጽፈው በሽታ? ባዮፕሲው ነው ያበላሸኝ? ምን ልቀባበት?››

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሙሉ ገጽ ነው፤ ስለ ፋሻው፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ አክስቷ፣ ስለ ቅጠሉ ሁሉ አለበት። አንድ ነገር ብቻ የለበትም። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም እኔም አንድ ሰሞን ከራሴ ደብዳቤ ላይ ያጎደልኩት እሱኑ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ግን ይህን ወንድሜን ያገኘው ነገር ከአራት ዓመት በፊት እኔንም አግኝቶኛል፣ ያውም እዚያው ቦታ፣ ቅልጥሜ ላይ። እኔም የሚያሳክክ፣ የጠቆረና የደደረ ቆዳ ነበረብኝ። ቅባት ስቀያይርበት ከረምኩና በመጨረሻ አንድ ጤና ተቋም ሄድኩ። (የቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ።) ማደንዘዣ ወጉኝ፣ የብዕር ክዳን በምትመስል ስለታም መሣሪያ ቆንጠር አድርገው አወጡ፣ ሁለት ክር ሰፉኝ፣ ‹‹ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ›› አሉኝ። በቃ! እንዴት እንደማጥበው፣ ምን እንደማደርግበት፣ ምን እንደማላደርግበት የነገረኝ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሐኪም ፊት ስንቀመጥ አፋችን ለምን እንደሚተሳሰር አላውቅም።

ከዚያማ የሰፈሩ ሐኪም ሁሉ ተነሳ። እናቴ ቡና ወቅጣ ነሰነሰችበት። ጎረቤት ደግሞ ‹‹ቁስል ሽታ አይወድም፣ ሽቶ የተቀባ ሰው አይጠጋት›› አሉና ቡና ላይ እንኳ ለብቻዬ ጥግ ያዝኩ። ጓደኛዬ ካፕሱል ፈታችልኝ። ከሁሉ የወደድኩት ግን ያን ሲነካው የሚያረፋውን ፈሳሽ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን ነበር። ነጭ አረፋ ኩፍ ሲል ‹‹ይኸው ቆሻሻው ወጣ!›› እያልኩ ደስ ይለኛል። በየቀኑ ደስ አለኝ፤ ቁስሉም በየቀኑ ሰፋ። ክሩ ገና በዘጠነኛው ቀን ተበጠሰ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ተሸክሜ ስንደፋደፍ።

ያዳኑኝ አንዲት ሲስተር ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናቴ አያንስም። ፋሻውን ፈትተው አዩና የመጀመሪያ ቃላቸው ‹‹አንቺ ልጅ፣ ይሄን ቁስል ማን ነው የሚጠላው?›› የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን፣ እኔም ቆይቼ እያነበብኩ የጨመርኩበትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

አንደኛ ነገር፣ ቁስል የሚድነው በምንቀባው ነገር አይደለም። ሥራውን የሚሠራው ሰውነታችን ነው። መጀመሪያ ደሙን ያረጋል፤ ቀጥሎ ጥቂት ቀን ሞቅና እበጥ ብሎ ያጸዳል (ይህን ብዙዎቻችን ‹‹አመረቀዘ›› ብለን እንደነግጣለን፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከሆነ ግን ጤነኛ ነው)፤ ከዚያ ከሥር አዲስ ሥጋ ይሞላል፣ ከዳርና ዳር ደግሞ አዲስ ቆዳ ወደ መሃል ይጓዛል። ይህ አዲስ ቆዳ ሲበዛ ስስ ነው። አልኮልና ያ የሚያረፋ ፈሳሽ ተህዋሱን ብቻ መርጠው አይገድሉም፤ ይህንንም ለጋ ቆዳ አብረው ያቃጥሉታል። እኔ ‹‹ቆሻሻው ወጣ›› እያልኩ የማጨበጭብለት አረፋ የገዛ ሥጋዬን የሚበላ ነበር።

ሁለተኛው ስህተታችን ‹‹ይድረቅ፣ ነፋስ ይንካው›› የሚለው ነው። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቁስሎች አበጅቶ ግማሹን ክፍት ተወ፣ ግማሹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነ። (አሳማ ስል ፊታችሁን አታኮሳትሩ፣ ቆዳው የእኛን ስለሚመስል ነው።) የተሸፈነውና እርጥበት ያለው ቁስል ክፍት ከተተወው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ በአዲስ ቆዳ ተሸፈነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደረቅ ቅርፊት ካለ አዲሱ ቆዳ ከቅርፊቱ ሥር እየቆፈረ ማለፍ አለበት፤ እርጥበት ካለ ግን ይንሸራተታል። እኛ ደግሞ ቅርፊቱን እናደርቃለን፣ ከዚያ እጃችን አያርፍም፣ እንልጠዋለን፣ ከዚያ እንደገና...

‹‹ታዲያ ምን ልቀባ?›› ላልከኝ መልሱ ሊያሳፍርህ ይችላል፤ ቫዝሊን። አዎ፣ ተራው ቫዝሊን! እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ቆዳቸው ላይ ትንሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ900 የሚበልጡ ሰዎች ግማሾቹ ባሲትራሲን የተባለ የአንቲባዮቲክ ቅባት፣ ግማሾቹ ነጭ ቫዝሊን ተቀቡ። ያመረቀዘባቸው በሁለቱም ወገን ጥቂት ነበሩ፤ ይህ ነው የሚባል ልዩነትም አልተገኘም። በመድኃኒቱ ቅባት ቆዳቸው የተቆጣባቸው ግን ነበሩ። ስለዚህ የካፕሱሉን ዱቄት ተወው። ካፕሱል ለሆድ ነው የተሠራው፤ ቁስል ላይ ሲነሰነስ ይጋገራል፣ ቆዳ ያስቆጣል፣ ተህዋሱንም መድኃኒት ያስለምደዋል። ቡናውም ቢሆን ጀበና ውስጥ ነው የሚያምርበት።

ሲስተሯ ያደርጉት የነበረውን ልንገርህ። እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ቁስሉን በንጹህ ውሃ ያጥባሉ፣ ቤት ከሆንሽ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል አሉኝ። ሳያሹ በንጹህ ጎዝ ያደርቃሉ። ቫዝሊን በስሱ (ቤተሰቡ ሁሉ ጣቱን ከሚነክርበት ብልቃጥ አይደለም፣ አዲስ ከተከፈተ) ይቀቡና የማይጣበቅ ጎዝ አድርገው ይሸፍናሉ። በማግስቱ እንደገና። ‹‹በመካከሉ እንዳትከፍቺው፣ ደህና ዋልክ ብለሽ የምትጠይቂው ሰው አይደለም›› ይሉኝ ነበር። ለማንጎ ወቅት ደግሞ መሸፈኑ ምርጫ የለውም፣ ዝንብ የት ቆይታ እንደምትመጣ ታውቃለህ። ክረምት ሲገባም ጭቃው አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰድክ ካላስታወስክ ስትሄድ ጠይቅ።

አሁን ወደ እግርህ ልምጣ። አንተ ፀጉር አስተካካይ ነህ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆመህ ነው የምትውለው። ከጉልበት በታች ያለ ቆዳ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ቀርፋፋ ከሚድኑት አንዱ ነው። ቆዳው አጥንት ላይ የተወጠረ ነው፣ ደሙም ወደ ላይ ለመመለስ ዳገት አለበት። ስትቆም እግር ያብጣል፤ ያበጠ ቆዳ ደግሞ ቁስሉን ከዳርና ዳር ይጎትተዋል። ፊት ላይ የተሰፋ ክር ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ ሲወጣ እግር ላይ ግን ከ10 እስከ 14 ቀን የሚቆየው ለዚህ ነው። ሳይሰፋ የተተወ ከሆነማ ቅልጥም ላይ ከወር በላይ መቆየቱ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በሰው መካከል አረፍ በል። ማታ እግርህን ከልብህ ከፍ አድርገህ ትራስ ላይ ስቀለው። የተቆረጠ ፀጉር ፋሻህ ውስጥ እንዳይገባም ረጅም ሱሪ ልበስ።

ሰባት ሳምንት ቆይቶ ሊሰፋ ግን አይገባውም ነበር። ይህን አልሸፍንብህም። ወይ የምናደርግበት ነገር እያቆሰለው ነው፣ ወይ ተህዋስ ገብቶበታል፣ ወይ ሰውነትህ ውስጥ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ ወይ ደግሞ ቁስሉ ራሱ በሽታው ነው።

ሲስተሯ እኔን መጀመሪያ የላኩኝ ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ላቦራቶሪ ነበር። ‹‹ስኳርሽንና ደምሽን ተለኪ›› አሉኝ። ስኳሬ ደህና ነበር። ደሜ ግን አንሷል! ሻይና ዳቦ እየበላሁ ስጽፍ የምውል ሰው ነበርኩ። የስኳር በሽታ ሳይታወቅ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ራሱን በማይድን ቁስል የሚገልጥበት ጊዜ አለ፤ ጣትን ብቻ ወግተው የሚያዩት ነገር ነው። ምግብም ቁም ነገር ነው። አዲስ ሥጋ ከባዶ ሆድ አይሠራም። ሥጋና ወተት በየቀኑ የሚያገኝ የለም፣ ግን እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ከዚህ ከእኛው አገር ኦቾሎኒ አለ። ሲጋራና ሺሻ ደም ሥርን ያጠብባሉ፤ ቁስሉ የሚጠብቀው ደም አይደርስም። ጫት ደግሞ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋል፣ እንቅልፍህን ይነሳል። ቆጣሁ መሰለኝ... ለጊዜው ተወው ነው የምልህ። ደግሞ ፊት የሚያቀላ ተብሎ የሚሸጠውን ቤታሜታዞን ዓይነት ቅባት ቁስል ላይ እንዳታደርስ! ቆዳን ያሳሳል፣ መዳንንም ያዘገያል።

ተህዋስ ሲገባበት ምልክቱ ይታወቃል። ሕመሙ ከቀን ቀን መቀነስ ሲገባው ይጨምራል፣ ይጠዘጥዛል፤ ዙሪያው ይሞቃል፣ እብጠቱ ይሰፋል፤ መግል ይይዛል፤ ይሸታል፤ ትኩሳት ይመጣል። መጽሐፍ ላይ ‹‹ይቀላል›› ይላሉ፣ የእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላት በደንብ አይታይም። ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ የተወጠረ ቆዳ ካየህ እጅህን ጣልበትና ከሌላው እግርህ ጋር አነጻጽር። ከሞቀ፣ ወይም ወደ ላይ የሚሄድ መስመር ከታየ፣ ወይም ብሽሽትህ ካበጠ ቫዝሊኑን ተውና በዚያው ቀን ሂድ። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ያኔ ነው፤ እሱንም የሚያዝዘው ሐኪም እንጂ የባለ ሱቁ ልጅ አይደለም።

‹‹ባዮፕሲው ነው ያበላሸኝ?›› ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ‹‹ቢላ ከነካው ይሰራጫል›› ሲባል እኔም ሰምቼ አድጌያለሁ። ቆዳ ላይ ያለን ነገር ለምርመራ ቆንጠር ማድረግ በሽታውን አያመጣውም፣ አያሰራጨውምም። እንዲያውም ስሙን ሳያውቁ ማከም ነው በጨለማ ፀጉር እንደመቁረጥ።

ሐኪሞች ከማይሽር የቆዳ ነገር ጀርባ ብዙ ይፈልጋሉ። ችፌ ሊሆን ይችላል። በደጋው አገራችን ሽኮኮ ካለበት ገደል አካባቢ በትንሽ የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ ቁንጭር አለ። እንደ እኛ ክልል ፈጣን ወንዝ ባለበት አካባቢ በጥቁር ዝንብ የሚተላለፍ፣ ቆዳን የሚያሳክክና መልኩን የሚያበላሽ ኦንኮሰርካ አለ፤ ለእሱም ቆዳ በስሱ ተቆንጥሮ ነው የሚታየው። የቆዳ ካንሰር አለ። ለዓመታት ያልዳነ አሮጌ ቁስል ራሱ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይለወጣል፣ በቅጠል ሸፍኖ ዓመት ማስቆጠር አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስሙን ያልጻፍከውን እኔ ልጻፍልህ፤ ሥጋ ደዌ። አክስትየዋ በፋሻ ላይ ዓይተው አያውቁትም፣ ማንም አያውቀውም። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በማያም፣ ስሜት በሌለው የቆዳ ለምጥ ነው፤ አንተ ደግሞ በአልኮል ስትታጠብ እጮሃለሁ ብለሃል። ይህ ብቻውን ነጻ ያወጣሃል አልልም፣ ሐኪም በጥጥ እየነካካ ይፈትሸዋል። ግን ቢሆንስ? እስቲ ይሁን። አብዛኛው ሰው ተህዋሱን በተፈጥሮው የሚቋቋም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የተለያዩ መድኃኒቶችን አንድ ላይ የያዘውን ሕክምና ካጸደቀ ወዲህ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይድናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም መድኃኒቱ በነጻ ነው የሚሰጠው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ነበር፤ ዛሬ ግን ብጉርና ችፌ ያለበት ሁሉ የሚሰለፍበት ትልቅ የቆዳ ሐኪም ቤት ነው። ‹‹አለርት ላኩት›› ሲባል ሰው ከንፈር የሚመጥበት ጊዜ አልፏል፣ ወይም ሊያልፍ ይገባው ነበር።

አሁን ወደዚያ ወደ ጎደለው ነገር። ወንድሜ፣ ውጤቱ የት አለ?

ሁለት ገጽ ስትጽፍ ስለ ውጤቱ አንድ ቃል አላነሳህም። ቆዳህን የቆረጡት ለእሱ አልነበረም እንዴ? ገምቼ ልናገር። ‹‹ቁስሉ ይዳንና እሄዳለሁ›› ትላለህ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። አንድ ወር ከአሥር ቀን! ቁስሌን በቀን ሁለት ጊዜ እፈታለሁ፣ አዲስ ነገር እቀባለሁ፣ የሰው ምክር እሰበስባለሁ፤ ወረቀቱ ወዳለበት በር ግን አልደርስም። ሲስተሯ ፋሻውን እያሰሩ ቀና ሳይሉ ‹‹ውጤቱስ?›› ሲሉኝ አለቀስኩ። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ፋሻውን ጨረሱ። ለካ ከቁስሉ ጋር ስታገል የከረምኩት ወረቀቱን ላለማየት ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። ሥር የሰደደ ችፌ! ይኸው ነው። ለዚህ ነው አርባ ሌሊት ጣሪያ ስቆጥር ያደርኩት። ደሜ ተስተካከለ፣ እግሬን መስቀል ለመድኩ፣ ቁስሉ በሰባት ሳምንት ሞላ። ጠባሳው አሁንም አለ፣ ጥላዬን ስረግጥ ይመስል አንዳንዴ ዓይኔ ይሄድበታል።

የአንተ ውጤት እንደ እኔው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልህም። ቃል የምገባልህ እስካሁን መድረስ የሚገባው መሆኑን ነው። የተቆረጠው ቆዳ ፎርማሊን ውስጥ ስለሚቀመጥ መንገድ ላይ አይበላሽም፤ ላቦራቶሪ ደርሶ በሰም ይጠነክራል፣ በጣም በስሱ ይቆረጣል፣ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያየዋል። በቅርብ ባለሙያ ከሌለ ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፤ ከእኛ እስከዚያ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የወለጋ መንገድ ደግሞ ሰላም ያጣበትን ዘመን ሁላችንም አይተነዋል። ይዘገያል እንጂ ይመጣል። ‹‹ጠፋ›› ቢሉህም ተስፋ አትቁረጥ፣ የሰም ቁራጩ ላቦራቶሪው ውስጥ ስለሚቀመጥ እንደገና ሊነበብ ይችላል። ቁስሉ እንደዚህ ከሰፋ ሐኪሙ ሌላ ናሙና ከዳሩ ልውሰድ ሊልህም ይችላል፤ ፎርማሊን ውስጥ ከገባው ላይ ተህዋስ ማብቀል ስለማይቻል አንዱን ያለ ፎርማሊን ይፈልጉታል። አትደንግጥ፣ ፍቀድለት።

ሰኞ ጠዋት ሱቅህን ረፈድ አድርገህ ክፈት። ካርድህንና የተቆረጠበትን ቀን ያዝ። የቀባኸውን ሁሉ፣ ቅጠሉንም ጭምር፣ ሳታፍር ንገራቸው። ‹‹ውጤቴን፣ ደሜንና ስኳሬን›› በል፤ ከተረሳህ መዳፍህ ላይ ጻፈው። ልጅቷንም ‹‹ውጤት ልቀበል ነው፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?›› ብለህ ጠይቃት። ‹‹አልችልም›› ካለችህ ለእኔ ንገረኝ፤ በር ድረስ እሸኝሃለሁ። ሰኞ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።